የጴጥሮስ ማሽንና የጋሽ ዋቅሹማ ጆሮ

ጴጥሮስ በሚኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ስለ ከርነል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ጴጥሮስ ነው። ይህንን እውቀቱን ታዲያ ቆጥቦ አያውቅም። ደረጃ ላይ ሰላም ያለው ጎረቤት፣ ከርነል ማለት ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ ነቅቶ ሌላውን ሁሉ የሚያዝ የስርዓተ ክወናው እምብርት መሆኑን ሳይሰማ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ሰዎቹም «አቤት እውቀት!» ይሉና በራቸውን ይዘጋሉ። እሱ ይህን ከልብ የመነጨ አድናቆት ነው ብሎ ተቀብሎታል።

የብሎኩ ችግር ግን ከርነል ሳይሆን ውሃ ነበር። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ቀኑን አዛብቶ ቢመጣም ጠያቂ የለውም። ሲመጣ ወዲያው ፓምፑ ካልተነሳ ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር አይሞላም፤ ውሃ ሳይኖር ከተነሳ ደግሞ ፓምፑ ይቃጠላል። ይህን ሥራ ለአሥራ አንድ ዓመት የሠሩት የሌሊት ዘበኛው ጋሽ ዋቅሹማ ናቸው። ውሃው ከመድረሱ በፊት ቧንቧው ሁለት ጊዜ ያስላል። እሳቸው ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍላቸው ጋደም ብለውም ቢሆን ይህችን ሳል ይሰሟታል፤ ኮታቸውን ደርበው ይወጡና ማብሪያውን ይጫናሉ። ከእሳቸው በቀር ሳሏን የሰማ ሰው የለም።

ጴጥሮስ ይህን ኋላ ቀር አሠራር ሊታገሥ አልቻለም። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ የውሃውን መምጣት አውቃ ፓምፑን በራሷ የምታስነሳና የምታጠፋ ማሽን እንደሚሠራላቸው አፉን ሞልቶ ተናገረ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ጠጅቱ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና «መቼ ይደርሳል?» አሉት። «በሁለት ሳምንት» አለ። ሦስት ወር ፈጀ።

ማሽኗ የክብሪት ሣጥን የምታህል ቦርድ ነበረች። ሜክሲኮ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግነው ጓደኛው ሙከሚል ነው የሰጠው። ከፋብሪካ በመጣችበት ከርነል ጠረጴዛ ላይ ሲሞክራት እንከን አልነበራትም፤ እንዳለች ቢሰቅላት ኖሮ ነገሩ በሰላም ያበቃ ነበር። ጴጥሮስ ግን በሰው ከርነል ጎረቤት ፊት የሚቀርብ ሰው አይደለም። የራሱን ሊሠራላት ተነሣ።

ቦርዷ ከርነሏን ራሷ መሥራት አትችልም፤ አቅሟ አይፈቅድም። ትልቁ ላፕቶፕ ይሠራላትና ያለቀለትን ይሰጣታል። ይሁን እንጂ የሁለቱ አንጎል አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ላፕቶፑ ለማን እየሠራ እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ካልተነገረው ለራሱ ብጤ ይሠራል። ጴጥሮስ ይህንን በሁለት መስመር ትእዛዝ ነገረውና ሥራው ተጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። መብራት ሲመለስ ጴጥሮስ ሥራውን እንደገና አስጀመረ፤ እነዚያን ሁለት መስመሮች ግን ረሳቸው።

ላፕቶፑ ግራ ገባው። ይህ ይግባ? ያኛው ይቅር? እያለ የጥያቄ ናዳ አወረደበት። ሌላ ሰው ቢሆን «ቅድም ያልጠየቀኝን አሁን ለምን ይጠይቀኛል?» ይል ነበር። ጴጥሮስ በአንድ እጁ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ፣ በሌላው ጣቱን የመስማሚያዋ ቁልፍ ላይ አሳረፈ፤ ምን እንደተጠየቀ ሳያነብ ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ተስማማ። በመጨረሻ የወጣው ፋይል ስም ላይ ያልጠበቃትን አንዲት ፊደል ሲያይ እንኳ አልጠረጠረም። ሰርዞ አስተካከላት።

ማክሰኞ ማታ ማሽኗን በሣጥን አድርጎ ከፓምፑ ጎን ሰቀላት። አረንጓዴ መብራቷ ቦግ አለች። ያቺ መብራት እንደ ስልክ ቻርጀር መብራት ኤሌክትሪክ ካገኘች የምትበራ ናት፤ ከርነሉ ይንቃ አይንቃ አትናገርም። ጴጥሮስ ይህን አሳምሮ ያውቃል። አውቆም ፎቶ አነሳት።

ረቡዕ ጠዋት ታንከሩ ሞልቶ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ስላለፉት ሦስት ሳምንታት ጴጥሮስ ዛሬ ሲያስብ ጆሮው ይግላል። የዚያን ዕለት ጠዋት ሰው ከቦ አመሰገነው። ከወልቂጤ ልትጠይቀው በመጣች እናቱ ፊት ወይዘሮ ጠጅቱ «የወለዱት ልጅ አይደለም፣ በረከት ነው» ብለው ሲናገሩ እናቱ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ፤ ሊያመሰግን የፈለገ ሰው እንዲደርስበት። ከሰንጋ ተራ ብሎኮች ማሽኗን ሊያዩ ለመጡ ተወካዮች ሲያስጎበኝ የጋሽ ዋቅሹማን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «እርስዎ አሁን ይተኙ፤ ከርነሉ ነቅቷል» አላቸው። ሁሉም ሣቁ። ጋሽ ዋቅሹማም አብረው ሣቁ።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን ወይዘሮ ጠጅቱ ደረጃ ላይ አገኙት።

«እሁድ ስብሰባ አለን» አሉት። «ማሽንህ ካለ የሌሊት ዘበኛ ምን ያደርግልናል? በሩ እንደሆነ ይቆለፋል። ጋሽ ዋቅሹማን በክብር እናሰናብታቸዋለን፤ ክፍሏም ለዕቃ ማስቀመጫ ትሆነናለች። አንተ ደግሞ ማሽኑ እስካሁን ስንቴ እንደሠራ ሪፖርት ይዘህ ና።»

ጴጥሮስ ደነገጠ። ጋሽ ዋቅሹማ ከዚያች ክፍል ሌላ ቤት እንደሌላቸው ግቢው በሙሉ ያውቃል። «ሥልጣኔ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ ሆዱ ግን እሺ አላለውም። ያም ሆኖ፣ እፍረት የሌለው ነገር ነውና፣ ለሪፖርቱ ደስ እያለው ከሙከሚል ገመድ ተውሶ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ከማሽኗ ጋር አገናኘ።

የማሽኗ መዝገብ ባዶ ነበር። አጥፍቶ አበራት። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ወጣች፤ የተሰጣት ከርነል የእሷ ዓይነት እንዳልሆነ ተናግራ ዝም አለች። ጴጥሮስ ክው አለ። ማሽኗ ከተሰቀለችበት ቀን ጀምሮ አንዴም ነቅታ አታውቅም። በገዛ እጁ ለላፕቶፑ የሚሆን ከርነል ሠርቶ፣ በገዛ እጁ ስሙን አስተካክሎ፣ በገዛ እጁ ሰቅሎ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለአንዲት መብራት ሲመሰገን ከርሟል።

ታዲያ ፓምፑን ማን ነበር የሚያስነሳው?

ጋሽ ዋቅሹማ ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይወለውሉ ነበር።

«ጋሽ ዋቅሹማ፣ ፓምፑን የሚያበሩት እርስዎ ነዎት?»

እጃቸው ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«ማሽኗ።»

«ተናገረች እንዴ?» አሉ፤ ደስ ያላቸው ይመስል ነበር።

«አልሠራሁም ነው ያለችው።»

ጨርቁን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «የመጀመሪያው ቀን ቧንቧው ሳለ። ጠበቅኳት፣ ዝም አለች። አዲስ ናት፣ ትለምዳለች ብዬ አበራሁት። ሲነጋ ልነግርህ ስመጣ ሰዉ ከቦህ ያመሰግንሃል፤ እናትህ በነጠላቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ። እናትህ ፊት እንዴት ብዬ ላሳፍርህ? ከዚያ ወዲያማ ረፈደ። ትናንት ለምን ዝም አሉ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ነገ እኮ ሊያሰናብቱዎት ነው!»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተው ዝም ይላሉ?»

«የምሄድበትማ የለኝም» አሉ ጫማቸውን እያዩ። «ግን አንተም እዚሁ ነው የምትኖረው። ሰው ፊት ካዋረድኩህ በኋላ በዚህ ደረጃ እንዴት ትወጣ ትወርዳለህ?»

«እርስዎ አሁን ይተኙ» ያላቸው ቀን ትዝ አለው፤ ያን ቀን ንጋት ላይ ፓምፑን አብርተው፣ አጥፍተው፣ ቀን ደግሞ ቆመው አብረውት ሥቀዋል። ከዚህ የከፋ ነገር ቢፈልግ አያገኝም ነበር።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ፣ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ነዋሪው ከፓምፑ ፊት ለፊት በፕላስቲክ ወንበር ተሰበሰበ። የቅዳሜው ውሃ ሳይመጣ ስለቀረ ሰዉ ኩርፍ ብሏል። ጴጥሮስ ገና ሳይጠራ ተነሳ።

«ማሽኑ አልሠራም» አለ። «አንድ ቀንም ሠርቶ አያውቅም። ፓምፑን ሲያበሩ የከረሙት ጋሽ ዋቅሹማ ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ ተጨበጨበ።

«ተባረክ!» አሉ አንዲት እናት። «ለሽማግሌ ብሎ የገዛ ሥራውን የሚያንቋሽሽ ልጅ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?»

«ኧረ እውነቴን ነው! ለሌላ ዓይነት ማሽን የሚሆን ከርነል ነው የጫንኩባት!»

«አቤት እውቀት!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ጴጥሮስ ላብ አጠመቀው። ሁለቱን መስመሮች እንዴት እንደረሳ፣ ሁለት መቶ ጊዜ እንዴት እንደተስማማ አስረዳ። ባስረዳ ቁጥር ይበልጥ አዋቂ መሰላቸው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው እንዲያምንለት ሲለፋ ኖሮ፣ አላዋቂነቱን የሚያምንለት አንድ ሰው አጣ።

«ትሕትናህን አይተናል፣ ተቀመጥ» አሉ ወይዘሮ ጠጅቱ። «አሁን ወደ ጋሽ ዋቅሹማ ጉዳይ እንግባ።»

ጋሽ ዋቅሹማ በዚያች ቅጽበት ቀና አሉ። ጆሯቸውን ወደ ቧንቧው አዘነበሉ። ሌላው ሰው ምንም አልሰማም።

«መጣ» አሉ።

ብድግ ብለው ወደ ፓምፑ ሄዱ። እጃቸውን ወደ ማብሪያው ዘረጉና በመሃል ቆሙ። መጀመሪያ ማሽኗን፣ ቀጥሎ ጴጥሮስን አዩ። ዓይናቸው ይለምን ነበር፤ ማሽኗን ይሁን እሱን አይታወቅም። አሁንም፣ ይህን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ዕድል ሊሰጧት እየጠበቁ ነበር። ቧንቧው ማጉረምረም ጀመረ። አሁን ሁሉም ሰማው። አረንጓዴዋ መብራት ቦግ እንዳለች ናት። ፓምፑ ዝም አለ። ውሃው ሲሮጥ እየተሰማ ፓምፑ ዝም አለ።

«ጋሽ ዋቅሹማ» አለ ጴጥሮስ። «እባክዎ ያብሩት።»

ተጫኑት። ፓምፑ ተነሳ።

ወይዘሮ ጠጅቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሦስት ሳምንት?» አሉ። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ስበው፣ የሚጽፉትን ጮክ ብለው እያነበቡ ጻፉ፦ «ማሽኑ እስኪሠራ ድረስ ጋሽ ዋቅሹማ በሥራቸውና በክፍላቸው ይቆያሉ።»

ጴጥሮስ በዚያ ሳምንት ላፕቶፑን ከፍቶ ሁለቱን መስመሮች መጀመሪያ ጻፈ። ሦስት ጊዜ አነበባቸው። ጥያቄ የሚባል አልመጣበትም። ማክሰኞ ማታ ከርነሉን ጭኖ ገመዱን ሲሰካ፣ ማሽኗ ስክሪኑ ላይ ስሟን፣ አንጎሏንና የነቃችበትን ሰዓት በረጅሙ ለፈለፈች። ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል ወርዶ ከጋሽ ዋቅሹማ ጎን ቆመ። «ቧንቧው ሳለ» ብለው ኮታቸውን እየጎተቱ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሣጥኗ ውስጥ አንዲት ነገር ቀጭ አለች። ፓምፑ ተነሳ።

«ቀደመችኝ!» አሉ ጋሽ ዋቅሹማ። እጃቸው አየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

ጴጥሮስ በደስታ ሊጮህ ምንም አልቀረውም። እያንዳንዱን በር እያንኳኳ ሊያስነሳቸው እግሩ ደረጃውን ጀምሮ ነበር። ከዚያ ዞር ሲል የጋሽ ዋቅሹማ በር ተከፍቶ፣ በጥንቃቄ የተነጠፈች አልጋቸው ታየችው። ቃለ ጉባኤው ትዝ አለው።

«ሂድ ንገራቸው» አሉ ጋሽ ዋቅሹማ። «የድካምህ ነው።»

ጴጥሮስ ከኪሱ ጥቁር ፕላስተር አወጣ። አረንጓዴዋን መብራት ሸፈናትና በጣቱ ጫን ጫን አደረጋት።

ጠዋት ደረጃው ላይ ወይዘሮ ጠጅቱ አገኙት። ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር ሞልቷል።

«ያ ማሽን እንዴት ሆነ?» አሉት።

«አልሆነልኝም፣ ወይዘሮ ጠጅቱ።»

ክንዱን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ ልጄ። ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር ጎበዝ አይሆንም።»

ጴጥሮስ ስለ ከርነል ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። «እውነትዎን ነው» አለና እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ዝም ብሎ አብሯቸው ወጣ።