ሰምቼዋለሁ

«ይኼ ሸክላ ታሟል!» አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሸክላውን ከነሽፋኑ ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠ። «ሴትዮዋ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ይሰነጠቃል። ጥርስ ሲሰረሰር ነው የሚመስለው። እሱንማ ቀን ሙሉ ስሰማ ነው የምውለው።»

ምላሲት መጥረጊያዋን እንደያዘች ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት በሌለ ቀን የአባቷን የሙዚቃ ሸክላ ሱቅ ትጠርጋለች፣ ስልክ ታነሳለች፣ ደንበኛ ትተርባለች። የመጨረሻውን የምትሠራው በነጻ ነው። «ምላሲት» የሚለውን ስም ያወጣላትም ይኸው ተረቧ ነው።

«ዶክተር፣ ምናልባት የታመመችው ሴትዮዋ ትሆናለች» አለች። «ብሉዝ አይደል? ደህና የሆነ ሰው መቼ ብሉዝ ይዘፍናል?»

ሐኪሙ አልሳቀም። ከሽፋኑ ውስጥ ትንሽ ወረቀት ጎትቶ አወጣ። በአባቷ እጅ አንዲት ቃል ተጽፋበታለች፦ ሰምቼዋለሁ። ከሥሯ ፊርማ።

ሱቁ የቆመው በዚያች ወረቀት ነበር። አሮጌ የጃዝና የብሉዝ ሸክላ የሚሸጡ ሌሎችም አሉ፤ እነሱ ዘንድ ግን ሸክላ እንደ ሐብሐብ ነው፣ እድልህን አቅፈህ ትሄዳለህ። የምላሲት አባት ሁለቱንም ፊት ከዳር እስከ ዳር ሳይሰማ አንድም አይሸጥም። ሰፈሩ «ጋሼ ጆሮ» ያለው በከንቱ አይደለም። ሰብሳቢዎች ከሩቅ የሚመጡት ለሸክላው ሳይሆን ለወረቀቷ ነበር።

አባቷ የሐኪሙን አፍ ትኩር ብሎ ካየ በኋላ፣ «ምሳህን በልተህ ና» አለው። «እኔ ደግሜ እሰማዋለሁ። ታሞ ከሆነ ገንዘብህ የትም አይሄድም።»

ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶ በሩን እየከፈተ፣ «የገንዘቡ ነገር አይደለም፣ ጋሼ» አለ። «እርስዎን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?»

አባቷ መልስ አልሰጠውም። ሸክላውን በጠርዙ ይዞ አምፖሉ ሥር አዘነበለው፣ በብሩሽ አቧራውን አነሳ፣ ማጫወቻው ላይ አጋደመውና መርፌውን አወረደ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ምላሲት ቆሻሻውን እየሰበሰበች ጠበቀች። ምንም የለም። መግቢያው ረጅም ነው መሰል አለች በልቧ፤ እነዚህ ሰዎች ለመጀመር የሚፈጅባቸው ጊዜ እሷን ሁሌም ያናድዳታል። አሁንም ምንም የለም። ከመርፌው ሥር የጉንዳን ሹክሹክታ የመሰለች ኮሽታ ብቻ ትሰማለች።

የአባቷ እግር ወለሉን መምታት ጀመረ።

«እዚህ ጋ ጊታሩን ስሚው» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እንዴት እንደሚያባብላት!»

ምላሲት ወደ ስፒከሮቹ ዞረች። ጠዋት ከኋላቸው ስትጠርግ ገመዶቹን ነቅላ ነበር። ሁለቱም አሁን ድረስ ወለሉ ላይ ተዘርረዋል።

መጥረጊያው ከእጇ ወድቆ ጣውላውን ቋ አደረገው። አባቷ ዞር አላለም።

«አባዬ» አለች ከኋላው። «አባዬ!» ቀጥላም ባላት አቅም፣ «ሱቁ እየተቃጠለ ነው!» ብላ ጮኸች። አንድ መንገደኛ ደንግጦ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። አባቷ ግን ራሱን በስልት እያወዛወዘ ፈገግ ብሏል።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ስልክ ጮኾ ቀና ባለች ቁጥር «አንሺው፣ እጄ አቧራ ነው» የሚላት ለዚህ ኖሯል። ለሁሉም ነገር «እሺ» ማለት የጀመረው፣ የሦስት ቀኑን የክፍል ጉዞ እንኳ ሳይጨቃጨቅ የፈቀደው! ለጓደኞቿ «አባቴ ሲያረጅ ደግ ሆነ» እያለች ጉራዋን ስትነዛ ከርማለች። ከጀርባው ያጉረመረመችው ስድብ ሁሉ ደግሞ... ትዕግሥቱ ይገርማት ነበር እኮ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አባቷ ልክ በሰዓቱ ዓይኑን ገለጠ። ልጁ ገመዶቹን በሁለት እጇ አንጠልጥላ ፊቱ ቆማለች።

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች። ድምፅ አላወጣችም፤ ከንፈሯን ብቻ ነው ያንቀሳቀሰችው።

«የግራው ከሦስት ዓመት በፊት» ብሎ መለሰላት። «የቀኙ አምና።»

ድምፅ ሳታሰማ መልስ ማግኘቷ ከሁሉም ባሰባት። አፏን በእጇ ያዘች።

«አፍሽን አትሸፍኚ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ። «ከሸፈንሽው አልሰማሽም።»

እጇን አወረደች። «እማዬ ታውቃለች?»

«የጆሮዬን መድከም ታውቃለች። ስትቆጣኝ ዞራ ፊቴ የምትቆመው ለምን ይመስልሻል? በዓይኔ እንደምሸጥ ግን አላወቀችም።»

«በዓይንህ?»

«መርፌው የሚሄድበትን ቦይ መብራት ሥር ስታዘነብዪው፣ ጠቆር ያለው ዝግታው ነው፣ ነጣ ያለው ጩኸቱ። ጭረት አያመልጠኝም። ዘፈኖቹን ደግሞ አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቃቸው፤ እዚህ ይጫወቱልኛል» ብሎ ግንባሩን ነካ።

ምላሲት ገመዶቹን ሰካችና መርፌውን ቦዩ ነጣ ወዳለበት መለሰችው። ሴትዮዋ ዘፈነች። ከፍ ወዳለው ስትደርስ ድምፅዋ እንደሚቀደድ አቡጀዲ ተተረተረ። ምላሲት ፊቷን ጨመደደች። አባቷ የሚያየው ሸክላውን ሳይሆን እሷን ነበር።

«ይሰነጠቃል?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ያረጀ መርፌ የበላው ነው» አለ። «እሱ በዓይን አይታይም።»

ምላሲት ግድግዳውን ሙሉ የተደረደሩትን ሸክላዎች አየች። ከአብዛኞቹ ሽፋን የወረቀት ጫፍ ብቅ ብሏል። ወደ እሱ ዞራ፣ «ከአምና ወዲህ ስንት ጻፍክ?» አለች።

አባቷ ዓይኑን ከከንፈሯ ወደ ወረቀቶቹ አሸሸ። ጥያቄው ገብቶታል።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ ገባ። «እሺ ጋሼ፣ ምን ተባለ?»

«እውነትህን ነው፣ ታሟል» አለ አባቷ። ከላይኛው መደርደሪያ የዚያኑ ሸክላ ሌላ ቅጂ አወረደና አምፖሉ ሥር አዘነበለው። «ይኼኛው ንጹህ ነው። እሱን ውሰድ።» እጁ በልማድ ባዶ ወረቀት ሳበ፤ ብዕሩ «ሰም» ላይ ደርሶ ነበር።

ምላሲት መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጫነች።

አባትና ልጅ ተያዩ። እሷ ምንም አልተናገረችም፤ ይህ ራሱ ለዚያ ሱቅ እንግዳ ነገር ነበር።

አባቷ ብዕሩን አስቀመጠ። «ዶክተር» አለ፣ «ያኛውን አልሰማሁትም። ይኼንንም አልሰማሁትም። ጆሮዬ ከሄደ ዓመት አለፈው።»

ሐኪሙ ሊስቅ ጀምሮ የምላሲትን ፊት ሲያይ ተወው። «ታዲያ ወረቀቷ?»

«ከአምና ወዲህ የገዙትን ሁሉ ነገ እየደወልኩ እጠራለሁ» አለች ምላሲት። «ስልክ የእኔ ሥራ አይደል?»

ሐኪሙ አንዴ አባቷን፣ አንዴ ሸክላውን አየ። መጨረሻ ላይ ብዕሩን አንስቶ ወደ እሷ ዘረጋ። «በይ አንቺ ፈርሚልኝ። ታካሚ አስቀምጬ ነው የመጣሁት።»

«አልሰማሁትማ!» አለች።

ጓደኞቿ ሲኒማ በር ላይ ቆመው እየጠበቋት ነው፤ ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ሦስት ጊዜ ነዝሯል። አውጥታ አጠፋችው። አዲሱን ሸክላ በጠርዙ ያዘች፣ በብሩሽ ጠረገችው፣ ያን ሁሌ የምትተርበውን የአባቷን ወንበር ሳበችና አባቷ ፊቷን ማየት በሚችልበት በኩል ተቀመጠች።

«ሁለቱም ፊት አርባ ደቂቃ ነው፣ ዶክተር» አለች መርፌውን እያወረደች። «ወይ ይቀመጡ፣ ወይ ነገ ይምጡ።»