ለተጫዋች ምን ተብሎ ይለቀሳል?

«ጠመንጃውን ከፍ አድርጊው፤ ለሩቁም ይታይ» አለ ከፋለ፣ የመሪጌታ አካለ ወልድ ጎረቤት። ጠመንጃው የከፋለ ነው፤ ለለቅሶው ያዋሰው። የመሪጌታ ልጅ ማናለሽም የሟች ወንድሟ የደምለው ነው እያሰኘች ተሸክማው ለቀስተኛው መሀል ገባች። ሣልስት ነበር፤ የቢቸና ሰው የሟችን ዕቃ እያዞረ የሚያለቅስበት ቀን።

አልቃሿ ጥሩአየሁ ድምፅዋን ለቀቀችው። ደምለው ምሽግ ሰበረ፣ ጠላት አንቀጠቀጠ፣ ወታደር መርቶ ገባ። ሰዉ ደረቱን ደቃ። መሪጌታ ጥግ ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። ምን ያድርጉ፤ ውሸቱ የራሳቸው ነው።

ደምለው ቁመቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ለጉድ ነበር። ቅኔ ቤት ቢያስገቡት አልሆነለትም፤ ጠፍቶ አዲስ አበባ ገባ። እዚያ አንድ ክለብ ቁመቱን ወዶ ቅርጫት ኳስ አጫወተው፤ ያውም በደመወዝ። አስመራ ወሰዱት፣ ካይሮ ወሰዱት፣ ስሙም በራዲዮ ተጠራ። ሌላ አባት ቢሆን አገር ይጠራ ነበር። መሪጌታ ግን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። የቅኔ መምህር ልጅ ቁምጣ ለብሶ ሕዝብ ፊት እየዘለለ እንጀራውን ይበላል ይባል? «ልጅዎ የት ደረሰ?» ላላቸው ሁሉ «መኮንን ሆኗል» አሉ። ጉልበቱ ተሰብሮ ሞጣ የስፖርት አስተማሪ ሆኖ ሲመጣም «ቆስሎ ነው» አሉ። እንዲህ ናቸው፤ አንዴ ከዋሹ አይመለሱም።

አንድ ጊዜ ለጊዮርጊስ ንግሥ ሞጣ ወርደው ነበር። ሜዳው ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ሲጫወት አዩት። እሱም አያቸውና በተሰበረች እግሩ እያነከሰ፣ እየሳቀ መጣ። መሪጌታ አብረዋቸው የመጡትን ካህናት ዞር ብለው አዩና በቅሏቸውን መለሱ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። ንዳድ ያዘውና ሞተ።

አጠገባቸው የተቀመጠው እንግዳ ሲቁነጠነጥ ቆይቶ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። በላቸው ይባላል፤ ከሞጣ የመጣ አስተማሪ ነው።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በሹክሹክታ፤ «የሞጣው ደምለው ለቅሶ ብዬ ነበር የመጣሁት። ቤት ተሳስቼ ይሆን? ይሄኛው መኮንን ነው።»

መሪጌታ ከመሬቱ ቀና ብለው አዩት። ልጃቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው መጣ፣ እሱም በሟቹ በራሱ ለቅሶ ላይ አጣው።

«አልተሳሳትህም፣ ልጄ» አሉና ተነሡ። «ጥሩአየሁ፣ ተዪው።»

ወደ ለቀስተኛው ዞሩ።

«ልጄ መኮንን አልነበረም። ጠመንጃም ነክቶ አያውቅ። ተጫዋች ነበር፤ ቁምጣ ለብሶ የሚዘል፣ ኳስ የሚወረውር። በሱ አፍሬ ነው የዋሸኋችሁ። አሁን የማፍረው በራሴ ነው።»

ከፋለ ጠመንጃውን ከማናለሽ እጅ ተቀብሎ ከጋቢው ሥር ከተተው። ጥሩአየሁ ለስንቱ ጀግና፣ ለስንቱ ባለርስት አልቅሳለች፤ ለተጫዋች ግን አልቅሳ አታውቅም።

«ታዲያ ምን ብዬ ላልቅስለት፣ መሪጌታ?» አለች።

ቃል ጠፍቷቸው የማያውቁት ሰው ቃል ጠፋቸው። ጥምጥማቸውን ፈትተው ለበላቸው አስያዙት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ለቀስተኛው መሀል ገቡና፣ አገር እያያቸው፣ ዘለሉ። እግራቸው ከመሬት ብዙም አልተነሣም።

ደግመው ዘለሉ።