ከአፈሙዙ የወጣው ውኃ

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ክረምት፣ አንድ እሑድ ጧት፣ አጸደ ጉልቻዎቹን አንስታ የምድጃውን ሥር መቆፈር ጀመረች። የባሏ አባት አቶ ነጋሳ በሩ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጠው ወደ ውጭ ያዳምጣሉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ቤታቸው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታቸው ጀሚላ ለንግድ የምትገዛውን ቆዳ ወጥራ ታደርቃለች፤ ሽታው ሰው አያስጠጋም።

ከጉድጓዱ የወጣውን ጨርቅ ስትፈታው ጠመንጃው ታየ። ቆመህ ጠብቀኝ የሚሉት ነው፤ ባሩዱንም አረሩንም በአፉ የሚጎርስ፣ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ጠላት ቆሞ መጠበቅ ያለበት። ብረቱ ዝጓል። ውስጡ በጥቁር ግግር ተደፍኗል።

«ሳይወለውሉት ነው እንዴ የቀበሩት?» አለች።

«መቼ ጊዜ አገኘሁና» አሉ ሽማግሌው።

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ከተማውን ሲፈጁ፣ የአጸደን ባል መገርሳን ከዚሁ ደጅ ጎትተው አውጥተውት ነበር። ቤቱን የጠቆማቸው ቸሩ የሚባል የሰፈሩ ሰው ነው። አቶ ነጋሳ ከጓሮ ሆነው አንዴ ተኮሱ፤ አንዱ ጣሊያን ጭኑን ይዞ ወደቀ። በዚያ ሁሉ ጭስና ጩኸት ተኩሱ ከየት እንደመጣ የለየ አልነበረም። ሽማግሌው ቶሎ ብለው ባሩድ ጨመሩ፣ አረር አጎረሱ፣ በብረቱ ዘንግ ወደ ታች ገፉ። አረሩ መንገድ ላይ ቀረ። ጠመንጃው ሳይጠረግ ብዙ ተተኩሶበት ስለነበር ውስጡ በባሩድ ዝቃጭ ጠቦ ኖሯል። እሳቸው ዘንጉን በድንጋይ ሲመቱ፣ እነዚያ ደጅ ላይ መገርሳን በአካፋ ይመቱታል። «አባዬ!» እያለ ይጣራ ነበር። ከዚያ መጣራቱን ተወ። አረሩ ንቅንቅ አላለም።

ቸሩ አሁን ካቦ ሆኗል። ጣሊያኖች ለሹሞቻቸው ቤት በሚያሠሩበት፣ ኋላ ካዛንቺስ በተባለው ሜዳ፣ ሠራተኛ እየገረፈ ያሠራል። አጸደም እዚያው ለኖራ ማቡኪያ ውኃ ታመላልሳለች። በዚያው ሳምንት ቸሩ አንዱን ድንጋይ ጠራቢ ፊቱን በአለንጋ መትቶ ዓይኑን አፍስሶታል። ይህን ማታ ስትናገር አቶ ነጋሳ እራታቸውን ገፋ አደረጉና «ያን ጠመንጃ አውጪልኝ» አሏት።

«አባባ፣ ከገደሉት በኋላስ? ሰፈሩን ያቃጥሉታል እኮ» ብላቸው ነበር።

«ሰፈር የሚያቃጥሉት ለጣሊያን ነው። ለቸሩ አንዲት ጎጆም አያቃጥሉም። በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ለማነጣጠር ድምፁ ይበቃኛል።»

ከእሷም ጆሮ ማታ ማታ የአካፋው ድምፅ አሁንም አልወጣም። እምቢ አላለችም።

«ደረቁን እንዳትነኪው» አሉ አሁን። «እዚያ ውስጥ ያልተተኮሰ ባሩድ አለ። ብረት ከብረት ተፋጭቶ ብልጭ ቢል ፊትሽን ይወስደዋል። መጀመሪያ ውኃ።»

በግርጌው ያለችውን የእሳት ቀዳዳ በወስፌ ከፈተች። ጉድጓዱን ደፍና ጉልቻዎቹን መለሰች፤ ውኃ አፍልታ ጨመረች። ውኃው ቆይቶ በቀዳዳዋ መንጠብጠብ ጀመረ፤ እንደ ቀለም ጥቁር፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚገማ። ደግማ ጨመረች። አመድ የተነከረበት ውኃም አፈላች። ግግሩ ሲርስ ከጠመንጃው ጋር ተቀብሮ የነበረውን፣ ጫፉ የተጠማዘዘውን ዘንግ ሰደደች፤ አረሩን እስኪነክስ አዞረችው፤ ጠመንጃውን በእግሯ ረግጣ ሳበች። አረሩ በድንገት ሲለቅ በጀርባዋ ወደቀች።

«ወጣ?»

«ወጣ፣ አባባ።»

ሽማግሌው አረሩን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ ወደ ደጅ ወረወሩት።

ከሥሩ ያለው ግግር ባሰ። ጨርቅ ጠቅልላ ስታስገባ ጨርቁ እየተቀደደ ይመለሳል። ትፍቃለች፤ ውኃ ትጨምራለች፤ እንደገና ትፍቃለች። ጥቁሩ ውኃ ወለሉን አቋርጦ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ጠረኑን የጀሚላ ቆዳ ይሸፍነዋል ብለው ነበር። ውኃውን ግን ማንም አላሰበው።

በሩ በእርግጫ ተከፈተ። ቸሩ ነው፤ አለንጋውን እንደያዘ፣ ጠጅ ጠጅ እየሸተተ።

«መንገዱን የባሩድ እጣቢ ሞልቶታል። ምን እያጠባችሁ ነው?» አለና ጠመንጃውን አየ። ፈገግ አለ። «ነጋሳ! ያን ቀን የተኮስከው አንተ ነህ ለካ! ለካራቢኔሪ ፖሊሶቹ ምን ይዤ እንደምሄድ ጨንቆኝ ነበር።»

ሊወጣ ሲዞር ሽማግሌው ከመደቡ ወድቀው እግሩን አቀፉ። ቸሩ በአለንጋው እጀታ ራሳቸውን መታቸው። አልለቀቁም። በጫማው ደረታቸውን ረገጠ፤ ደገመ፤ የጎድናቸው አጥንት ሲሰበር አጸደ ሰማችው። ምድጃው ላይ የሚንፈቀፈቀውን ማሰሮ በቀሚሷ ጫፍ ይዛ አነሳችና ፊቱ ላይ ደፋችው።

የአመድ ውኃው ዓይኑን አጠፋው። እየጮኸ በሁለት እጁ አየሩን ይቧጥጣል። በሩን ሲያጣ እሷን አገኘ፤ ጉሮሮዋን አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ዓይኗ ሲጨልም እጇ ግድግዳው ላይ ተደግፎ የቆመውን ዘንግ ዳብሶ ያዘ። የተጠማዘዘውን ጫፍ ከጆሮው ሥር ሰካችው። አልለቀቀም። በሙሉ ኃይሏ ገፋችው። ደሙ ትኩስ ሆኖ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ጉልበቱ ሲከዳው አብራው ወደቀች፤ መንፈራገጡን እስኪተው ዘንጉን እንደያዘች ቆየች።

ቀና ስትል ጀሚላ በሩ ላይ ቆማለች።

«እኔን» አለች ጀሚላ። ሬሳውን አየች፣ ሽማግሌውን አየች። ቀጥላም «አጸዱ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ዝናብ መጥቷል፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው። ቶሎ በይ» አለቻት።

ሬሳውን በእርጥብ ቆዳ ጠቀለሉት፤ ላዩ ላይ የተበላሸ ቆዳ ደራርበው በጀሚላ አህያ ጫኑት። ድልድዩ ላይ ያገኛቸው ዘብ አፍንጫውን ይዞ «ሂዱ! ሂዱ!» እያለ አሳለፋቸው። ጀሚላ የቆዳ ትርፍራፊ ከምትጥልበት ገደል ሥር፣ ዝናቡ ባላላው መሬት ቀበሩት።

አቶ ነጋሳ ከዚያ ወዲያ አልተነሱም። ሲተነፍሱ ደም ይተፋሉ። አጸደ አጠገባቸው ተቀምጣ አፈሙዙን መፈተጓን ቀጠለች፤ ሌላ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። ጨርቁ ነጭ ሆኖ የወጣ ዕለት ነገረቻቸው። ጣታቸውን አፈሙዙ ውስጥ አስገብተው ዳሰሱ፤ አሸተቱ።

«ያን ቀን እንዲህ ቢሆን ኖሮ» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ሞራ ቀቢው። እንዳይዝግ።»

በማግሥቱ ሞቱ። ጠመንጃው በቆዳ ጥቅል ውስጥ ገብቶ፣ ከጀሚላ ደንበኞች ጋር ወደ አርበኞቹ ሄደ።

ጣሊያኖቹ ቸሩን ከድቶ ጫካ ገባ አሉ። ወሬው እየዞረ፣ ጣሊያን በወጣ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ቸሩን በልቡ አርበኛ ነበር ይለው ጀመር። እናቱ እማማ የሻረግ ልጃቸውን ያየ ፍለጋ ከተመለሱት አርበኞች ደጅ አይጠፉም። አንድ ቀን አጸደ ቤት መጡ።

«ካዛንቺስ አብረሽው ትሠሪ ነበር አሉ። ወዴት እሄዳለሁ እንዳለሽ ትዝ ይልሻል፣ ልጄ?»

አጸደ በርጩማ አቀረበችላቸው። ዝም ብላ ልትሸኛቸው አስባ ነበር። እግራቸውን አየችው፤ ከመንከራተት ብዛት ተሰነጣጥቆ ደምቷል።

«እማማ፣ ጫካ አልሄደም» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። እዚሁ፣ በዚህ ቤት ውስጥ።»

እማማ የሻረግ ግድግዳውን አዩ፤ ወለሉን አዩ። አልጮኹም።

«ምን አድርጎሽ?»

ነገረቻቸው። የካቲትን፣ አካፋውን፣ የሽማግሌውን ደረት፤ አንድም አላስቀረችም። ስትጨርስ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«መገርሳን የት ቀበርሽው?» አሉ።

«አልቀበርኩትም። በካሚዮን ጭነው ወሰዱት። የት እንደጣሉት አላውቅም።»

እማማ የሻረግ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉ፤ አጸደ ደግፋ አነሳቻቸው።

«የእኔን አሳይኝ» አሉ።

ወደ ገደሉ ወረዱ። አጸደ ቦታውን በእጇ አመለከተች። ሴትዮዋ ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው መጫር ጀመሩ። አጸደ ጥቂት ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ዶማ ልትዋስ ወደ ጀሚላ ቤት ወጣች።