የቅርጫው ሚዛንና ረጅሙ ደጋን

ዳኛቸው የደጋኑን ሆድ በስለት እየፋቀ ነበር። አንዴ ከላይ ወደ ታች ይፍቃል፣ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ እንደገና ይፍቃል። ቀዩ ፍቅፋቂ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ የቤቱ ጋራዥ ወለል ላይ ይወርዳል።

ጥላዬ በጎን በር ገባ።

«ታክሲውን ሳሩ ላይ ፓርክ አድርጌዋለሁ። እትዬ ፀሐይነሽ እንዳያዩብኝ።»

«አይተዋል» አለ ዳኛቸው ቀና ሳይል።

ሁለቱም ስኮትዴል ከተማ ውስጥ በወይዘሮ ፀሐይነሽ ቤት ተከራዮች ናቸው። ጥላዬ ታክሲ ይነዳል፤ ዳኛቸው አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ ወንበር ይጠግናል። ደጋን መሥራት ያስተማሩት የመሥሪያው አዛውንት ሚስተር ዋልተር ናቸው። ሽማግሌው ዪው የሚባለውን እንጨት ከኦሪገን አስመጥተው አሥራ አንድ ዓመት አስቀምጠውት ነበር። ሪህ ጣታቸውን ሲያስርባቸው ለዳኛቸው ሰጡት። ሌላ እንዲህ ያለ እንጨት የላቸውም። «የእንግሊዝ የጦር ደጋን አድርገው» አሉት፤ «ከመቶ ፓውንድ በታች ከሆነ ግን መጫወቻ ነው።» ዛሬ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊያዩት ይመጣሉ።

ጥላዬ ደጋኑን በአንድ እጁ ብድግ አደረገው።

«ይሄ ነው መቶ ፓውንድ? ካም ኦን ዳኜ፣ ጫማዬ ይከብዳል።»

«የራሱ ክብደት አይደለም፤ ሲሳብ የሚጠይቀው ጉልበት ነው። አውታሩን ሠላሳ ኢንች ስትስበው መቶ ፓውንድ ያነሳህ ያህል ሊከብድህ ይገባል።»

«በዚህ ቅጥነቱ?»

ዳኛቸው ስለ ሌላ ነገር ሲጠየቅ ቃል ያጥረዋል፤ ስለዚህ እንጨት ግን አያጥረውም። ከልጡ ሥር ያለውን ነጩን ሽፋን አሳየው፤ ወደ ዒላማው የሚዞረው ጀርባ እሱ ነው፣ ሲለጠጥ አይቀደድም። ወደ ተኳሹ የሚዞረው ቀዩ የእንጨቱ ልብ ነው፣ ሲጨመቅ አይደቅም። ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ሆዱ ክብ። መያዣ ተብሎ የተለየ ቦታ የለውም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይጎብጣል። ቁመቱ ከጥላዬ በስንዝር ይበልጣል። ከአራት ዓመት በፊት ከባሕር በወጣ አንድ የእንግሊዝ መርከብ ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ደጋኖች መገኘታቸውን፣ ጭቃው ውስጥ ከአራት መቶ ዓመት በላይ መቆየታቸውንም ነገረው።

«ጫፉ ላይ ያለው ጥቁሩስ?»

«ቀንድ ነው። አውታሩ እንጨቱን እንዳይበላው። ለፋሲካ ሊቶኒያ ሄደን ያረድነው በሬ ነው።»

«በልተነው አላለቀም ማለት ነው።»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ የሚንጠለጠል ሚዛን ይዘው ገቡ። የመሥሪያው ሚዛን ከሃምሳ ፓውንድ በላይ ስለማያነብ ዳኛቸው የእሳቸውን ለምኖ ነበር። ፊቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ በስብና በእጥበት ብዛት ጠፍቶ ቁጥሮቹ ብቻ ቀርተዋል። ደጋኑን አየት አደረጉት።

«እናቴም ደጋን ነበራት፤ ጥጥ ትነድፍበት ነበር። በዚህ ብትነድፍ ጥጡ ባሌ ክፍለ ሀገር ይደርሳል። ሳሩ ላይ ያለው መኪና የማን ነው?»

«አሁን አነሳዋለሁ እትዬ» አለ ጥላዬ። እሳቸው ወጡ፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም።

ዳኛቸው ደጋኑን ግድግዳው ላይ በተመታው ድጋፍ ላይ አሳረፈው። ሚዛኑን አውታሩ ላይ ሰክቶ፣ ከሚዛኑ ሥር ገመድ አስሮ፣ ወለሉ ላይ ባለው መዘውር አዙሮ ጫፉን ለጥላዬ ሰጠው። እሱ ራቅ ብሎ ቆመ፤ የደጋኑ ሁለት ክንዶች እኩል መጉበጣቸውን የሚያየው ከሩቅ ነው።

ጥላዬ ሳበ። ደጋኑ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነበር። ሃያ ኢንች። ሃያ አምስት። የጥላዬ አንገት ሥሮች ተገታተሩ።

«ወገቤ፣ ዳኜ።»

«ትንሽ ቀረህ። ሠላሳ።» ዳኛቸው መርፌውን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። «ልቀቀው።»

«ስንት ነው?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ሃምሳ ሁለት ፓውንድ? ላቤን እያየህ?»

«ከታክሲ ወንበር አትነሳም፤ ለዚያ ነው።»

ቀልዱ ለራሱም አላሳቀውም። ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ተኩል። የተፋቀ እንጨት ተመልሶ አይለጠፍም። ጉልበት የሚጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሳጠር። ከሁለቱም ጫፍ ስንዝር ስንዝር ቢቆረጥ ይጠነክራል፤ ወይም ይሰበራል። ያም ሆነ ይህ የጦር ደጋን መሆኑ ይቀራል። እርሳሱን አንስቶ ሁለቱንም ጫፍ ለክቶ አሰመረ። ደጋኑን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ መጋዙን ያዘ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ጥላዬ።

«አይደለሁም።»

የመጋዙ ጥርስ መስመሩ ላይ ሲያርፍ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ስለ መኪናው ሊቆጡ ተመልሰው መጡ፤ የሁለቱን ፊት አይተው ግን ቁጣውን ተዉት።

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ሃምሳ ሁለት ብቻ ሆነ፣ እትዬ።»

«ሃምሳ ሁለት ምን?»

«ፓውንድ።»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሚዛኑን አዩት፣ እሱን አዩት።

«ይሄ ሚዛን ፓውንድ የት ያውቃል? ከካርቱም ይዤው የመጣሁት ነው። ለቅርጫው በየቤቱ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ኪሎ ስደለድል ስም እየጠራህ የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ዳኛቸው መጋዙን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ከዚያ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሃምሳ ሁለቱን ኪሎ ወደ ፓውንድ በእርሳስ አባዛ፣ ውጤቱንም ሁለት ጊዜ አረጋገጠ።

«መቶ አሥራ አራት ከግማሽ።»

ጥላዬ ወገቡን ይዞ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «በል አሁን ስለ ታክሲ ወንበሩ የተናገርከውን ድገመው።»

«ይቅርታ።»

«አልሰማሁህም።»

«ይቅርታ፣ ጋሽ ጥላዬ።»

«እሱን እትዬም ይስሙት» አለ ጥላዬ፤ እትዬ ግን ስለ ሳሩ ብቻ ነበር መስማት የፈለጉት። ሄዶ መኪናውን አነሳ።

ሚስተር ዋልተር አሥር ሰዓት ሲል ደረሱ። ቁጥሩን ሰምተው ወደ ደጋኑ ጎንበስ አሉ። በማይታጠፈው ጣታቸው ከቀንድ እስከ ቀንድ በዝግታ ዳበሱት፤ ጫፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ መስመር ምንድን ነው?»

«ስሕተት» አለ ዳኛቸው። «በኪሎ የተሠራ።»

ነገሩን ሲነግራቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ደጋኑን ሰጡትና ሳበው አሉት። ዳኛቸው እስከ ደረቱ እንኳ ሳያደርሰው ክንዱ ተንቀጠቀጠ። ጥላዬ በጥቂት ኢንች በለጠው፤ ያንንም እስከ ማታ አወራው።

«ሁለት ዓመት ልምምድ ይፈልጋል» አሉ ሽማግሌው። «ስለዚህ አንተ ዘንድ ይቀመጥ።»

እሳቸው ሲሄዱ ዳኛቸው የእርሳሱን መስመሮች ከሁለቱም ጫፍ በላጲስ አጠፋ። ከዚያ የሚዛኑን ፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ አደረቀ። በቀጭን ብሩሽ፣ በጥቁር ቀለም፣ ከመርፌው ሥር «ኪሎ» ብሎ ጻፈ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ ሚዛኑን ለሚቀጥለው ፋሲካ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።