አንድ ብቻ ያለ ነገር

ርዕሰ መምህሩ የተሰነጠቀውን ታብሌት የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «አራተኛው ነው» አላት። «በሦስት ሳምንት አራት። እርስዎ ገና ከመጀመሪያው ተናግረው ነበር፤ ያልሰማንዎት እኛ ነን።»

ሠራተኛዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ መስተዋቱን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው። ስንጥቁ ከአንዱ ጥግ ተነስቶ መሃል ድረስ ይሄዳል። አርባውንም ታብሌት ቆጥራ፣ ፈርማ የተረከበችው እሷ ናት። የአንደኛ ክፍል ልጅ እጅ የገባ ዕቃ ደኅና እንደማይወጣ፣ ቢቆለፍም እንደሚሻል ስትናገር ግን «እትዬ ደግሞ ለዕቃ ሲሳሱ» ብለው ሳቁባት።

«እስከ ስድስት ሰዓት የጉዳት ሪፖርት ይጻፉልኝና የቀሩትን ይቆልፉባቸው» አለ ርዕሰ መምህሩ። «መሸፈኛ እስኪገዛ።»

«መቼ ይገዛል?»

«እንግዲህ…» አለና ወጣ።

ያለችው በመድረሱ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ደስ አላላትም። ክፍሏ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ጠመኔ፣ መጥረጊያ፣ እግራቸው የወለቀ ወንበሮች። ወረቀት ያልያዘ ሰው አይመጣባትም፤ የያዘውም ዕቃውን ተቀብሎ፣ ፈርሞ እብስ ይላል። ባሏ ከሞተ፣ ልጇም አግብታ ሩቅ ከሄደች ወዲህ፣ ቤቷም ከዚህ ክፍል ብዙ አይለይም። ከጠዋት «ደህና አደሩ» እና ከማታ «ደህና ይደሩ» ሌላ ከሰው አፍ ቃል የማትሰማባቸው ቀኖች አሉ። ልጆቹ «እትዬ ቁልፍ» ይሏታል። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ለሪፖርቱ ብላ፣ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ታብሌቱን አበራችው። በራ። ጣቷ ወደ ፎቶዎቹ ወሰዳት። የጣሪያ ፎቶ፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የጠረጴዛ እግር። ፈገግ አለች። ቀጥሎ የመጣው ግን የራሷ ፎቶ ነበር።

ከውጭ፣ በመስኮት በኩል ነው የተነሳችው። የሻይ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከካርቶን ክምር መሃል ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። የሚቀጥለውም እሷ ናት። ሌላ ቀን፣ ሌላ ሹራብ፣ ያው ግድግዳ። ሰባት ነበሩ። በአንደኛው ላይ አፏ ተከፍቷል፤ ያኔ የምታወራው ለብቻዋ እንደነበር ታውቃለች። ሰው ሳታውቅ ጓዳዋን የከፈተባት ያህል አፈረች።

ታብሌቱን የጣለችው ልጅ እንድትላክላት መምህርቷን ለመነች። ጥቂት ቆይታ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ትንሽ ልጅ በሩ ላይ ቆመች።

«ነይ ግቢ፣ አልቆጣሽም። እኔን ያነሳሽኝ አንቺ ነሽ?»

ልጅቷ ጫማዋን እያየች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ለምን?»

«ቲቸር ቁጥር ስታስተምረን፣ ግቢ ውስጥ አንድ ብቻ ያለ ነገር ፈልጋችሁ አንሱ አለችን።»

ሠራተኛዋ ብዕሯን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ሁለት ስትላችሁስ ምን አነሳሽ?»

«ጫማዬን።»

«ታዲያ ለአንድ አንድ ፎቶ አይበቃም? ሰባት ጊዜ እኮ ነው ያነሳሽኝ።»

«ሁለት ይሆኑ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለች ልጅቷ። ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። «ዛሬ ጓደኛዬ ሰው አይቆጠርም አለችኝ። ይቆጠራል አልኳት። ስትነጥቀኝ ወደቀ። ሊቆልፉብን ነው?»

«ክፍልሽ ግቢ» አለቻት፤ በቁጣ ግን አልነበረም።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ ጀምራ ቀደደችው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሦስተኛውን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

«የሚሰበሩት ልጆቹ ቆመው ሲሻሙ ነው» አለችው። «ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ፣ ለሁለት አንድ ይሰጣቸው። ከስፖርት ክፍል የተጣለ ስፖንጅ አለ፤ ቆርጬ መሸፈኛ እሰፋላቸዋለሁ። ማሽን ቤቴ አለኝ።»

«ይቆለፍ ሲሉ አልነበር እንዴ?»

«ነበር።»

«መምህርቷ አንድ፣ እነሱ አርባ። ማን ያያቸዋል?»

«እኔ አብሬ እቀመጣለሁ።»

ርዕሰ መምህሩ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያት። «ንብረት ክፍሉስ?»

«የፈለገኝ እዚያ መጥቶ ይጠራኛል። ብዙም አይመጣም።»

«አምስተኛው ቢሰበር ተጠያቂ እርስዎ ነዎት።»

«ፊርማዬማ ድሮም መረከቢያው ላይ ነው» አለችው።

ቅዳሜና እሁድን ስትሰፋ ዋለች። የመጀመሪያዎቹ መሸፈኛዎች ጠማማ ሆነውባት ፈታቻቸው፤ በኋላ ግን እጇ ለመደና ጥግ ጥጉ ላይ ስፖንጁን ደርባ አወፈረችው። አንዱን ታብሌት አልብሳ፣ በልጅ ቁመት ልክ ወለሉ ላይ ለቀቀችው። አነሳችው። ምንም አልሆነም። ብቻዋን ሳቀች።

ሰኞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ታብሌቶቹን በካርቶን ተሸክማ የክፍሉ በር ላይ ደረሰች። መምህርቷ እንደ ሁልጊዜው ለመፈረም ብዕር ይዛ ነበር።

«ቆይ፣ እኔም እገባለሁ» አለቻት።

መምህርቷ ፊቷ በራ። «እንዲያውም ወንበር አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ ከዚያ ሆነው ሁሉንም ያዩአቸዋል።»

ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ተደርድረው፣ እሷን ያያሉ። ወንበሩ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ፣ ለብቻው ቆሟል። ሠራተኛዋ አየችው። ካርቶኑን አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፤ ወንበሩን አልፋ፣ ጉልበቷን ደግፋ ቀስ ብላ ልጆቹ መሃል ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።