የኬጂው ችግኝ የማን ነው?

ልጄ ናፍቆት ከኬጂ በተመለሰች ቁጥር ጥፍሯ ሥር አፈር አያለሁ። ጨዋታ ነው ብዬ ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ግን «ዛሬም ፕላስቲክ ስንሞላ ዋልን» አለችኝ። ዲላ ውስጥ ይህን የሰማ ሰው ምን ፕላስቲክ ብሎ አይጠይቅም፤ የቡና ችግኝ የሚፈላበት ጥቁሩ ፕላስቲክ ነው። አፈር ለሚሞላ አዋቂ ይከፈለዋል። ችግኙም ክረምት ሲገባ ይሸጣል።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ጠየቅኩ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት አቶ ግዛቸው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸውን አልወደድኩትም። ኬጂ ብለን የምናሳጥረው «ኪንደርጋርተን» እንግሊዞች ከጀርመን የወሰዱት ቃል እንደሆነ፣ ትርጉሙም የሕፃናት የአትክልት ቦታ እንደሆነ፣ ስለዚህ አፈር መንካት ራሱ ትምህርት መሆኑን አስረዱን። ወላጆች አጨበጨቡ።

ደሜ ፈላ። እኔ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የቃሉን አመጣጥ አውቀዋለሁ። የተናገሩት ልክ ነው፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ውሸትን ማፍረስ ቀላል ነው፤ እውነትን ከፊት አቁሞ ከኋላው የሚነግድ ሰው ግን ይጨበጨብለታል። ቃሉን ያወጣው ጀርመናዊ መምህር ለየልጁ የራሱን የአትክልት መደብ ይሰጥ ነበር። ይህችን አቶ ግዛቸው ዘለሏት።

«ጓሮ ያለው ችግኝ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የልጆቹ ነዋ፣ መምህር።»

«እንግዲያው ዛሬ ይዘውት ይግቡ።»

«ዛሬማ አይሆንም፤ ሰኞ የሚጭነው ሰው...» አሉ።

እኔ ስለ ጀርመናዊው መምህር ማብራራቴን ቀጠልኩ። የሚሰማኝ ግን አልነበረም። ቅድም ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት የሙሉካ እናት ወይዘሮ አሰገደች ዘንቢላቸውን አንሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ሁለት ችግኝ ከተቱ።

«አንዱ የሙሉካ ነው» አሉ፤ «ሌላው ዩኒፎርም ላጠብኩበት።»

ሌሎቹም ተከተሏቸው። አቶ ግዛቸው በር ላይ ቆመው ተረጋጉ፣ እንነጋገር እያሉ ይለምናሉ። ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ የቆዩት ልጆች በወላጆቻቸው እግር መሃል እየተሽሎከለኩ የየራሳቸውን ይፈልጋሉ። ናፍቆትም አንዱን አቅፋ መጣች። የራሷ መሆኑን በምን እንዳወቀች ጠየቅኳት።

«እኔ ነኛ የሞላሁት» አለች።

ባጃጅ ውስጥ ልያዝልሽ አልኳት። ችግኙን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ አቶ ግዛቸውን ባየሁበት ዓይን አየችኝ።