አራስ ጥየቃ የሄደው ጀሪካን

እንግዳዋን እንቁራሪት ማሳደድ ከጀመርኩ ሁለት ክረምት አለፈኝ። ሥራዬ ለሰው ሲነገር ያስቃል። ድምፅዋን ስልኬ ላይ ቀድቼ ቤት ለቤት እዞራለሁ፤ «ይህን መጀመሪያ የሰማችሁት መቼ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጊንጪ ላይ አንዲት ሴትዮ ባሏን ጠርታ፣ «ና ስማ፣ ያንተ ማንኮራፋት ዩኒቨርሲቲ ገባልህ» ብላዋለች።

እንቁራሪቷ ግን የምታስቅ አይደለችም። ቡጢ ታህላለች፤ አፏ የቻለውን ሁሉ ትውጣለች። ልጅ ሆኜ አምቦ ዙሪያ ረግረጉ ሁሉ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል አረንጓዴ እንቁራሪት የተሞላ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ሲል በቀጭን ድምፅ ትጮህ ነበር። አሁን እዚያው ቆሜ ባዳምጥ የለችም። በዚህ እናደዳለሁ፤ ጥናቴንም የጀመርኩት በንዴት ነው። ትንሿን እስካሁን ያገኘኋት ወንጪ ሐይቅ ዳር ብቻ ነው።

ሰዎቹ ዓመተ ምሕረት ስጠይቃቸው በልጆቻቸው ይቆጥሩልኛል። «ገመቺስ በተወለደ በዓመቱ» ይሉኛል። እኔም የክትባት ካርድ አስመጥቼ ቀኑን እገለብጣለሁ። እንዲህ እያልኩ ደብተሬ ላይ ከየመንደሩ ስም ጎን የሕፃናት ስም ሞላ። ዘጠነኛው ቤት ላይ ነው የነቃሁት። በሁሉም ቤት እንቁራሪቷ የመጣችው ሕፃን በተወለደ በዓመቱ ነው፤ አንድም ቦታ ቀድማ አልመጣችም። እንቁራሪት ልደት ተከትላ አትሄድም። ልደት ተከትሎ የሚሄድ ሰው ግን አውቃለሁ።

ወደ ጊንጪዋ ሴትዮ ደወልኩ። «አራስ ሳለሽ ዓሣ ይዞ የጠየቀሽ ማን ነበር?»

«ኦቦ ፈየራ ናቸዋ! አባትሽ አይደሉም እንዴ?»

አባቴ ጡረታ የወጣ የግብርና ባለሙያ ነው። ሌላው ሰው አራስ ሊጠይቅ ገንፎና ቅቤ ሲይዝ፣ እሱ ከጓሮ ኩሬው የዓሣ ጫጩት በጀሪካን ቀድቶ በሞተሩ ይሄዳል። «ልጁ ጥርስ ሲያወጣ ዓሣው ይደርሳል» ይላል። ኩሬውን የቆፈረው በ2007 ዓ.ም. የኔዋ ልጅ ዱረቲ ስትወለድ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን እርጉዝ ካለቻቸው ቀድመው ጉድጓድ ቆፍረው ይጠብቁታል። በዕድሜው ከዚህ ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም።

ደብተሬ ላይ «መነሻ» የሚለውን ቦታ ክፍት ተውኩት። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ከረመ። ለሰው ሁሉ ደፋር ነኝ፣ አባቴን ለመጠየቅ ግን ፈራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጠይቀው ስሄድ ጀሪካኑ ሞተሩ ላይ ታስሯል።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሐሮ ወንጪ። የዓብዲሳ ሚስት ድንቅቱ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ኩሬውን ሐይቁ አጠገብ ነው የቆፈሩት፤ ጥሩ ቦታ ነው አሉ።»

ጀሪካኑን ፈትቼ ጥቂት ውኃ ሳህን ላይ ገለበጥኩ። ከዓሣ ጫጩቶቹ መሀል ራሳቸው ድብልብል ያለ፣ ጭራ ያላቸው ጥቋቁሮች ይዋኛሉ።

«አባዬ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የእንቁራሪት ልጆች ናቸዋ። ያኔ ኩሬውን ስቆፍር ከቆላ በመጣልኝ በርሜል ውስጥ ከዓሣው ጋር ነበሩ። ትንኝ ይበላሉ ብዬ አልለቅማቸውም።»

ደብተሩን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ስሞቹን ሲያነብ መጀመሪያ ፈገግ አለ። «ጊፍቲ ስምንት ዓመት ሞላት? ኤጄታም አለበት!» ቀጥሎ ጣቱ ወደ ጎን ሄደ። በየስሙ ትይዩ «ትንሿ እንቁራሪት፦ የለችም» ይላል። ጣቱን እያወረደ እስከ ታች አነበበው።

«ሁሉም ጋ?»

«ሁሉም ጋ፣ አባዬ። ትልቋ በልታ ጨረሰቻት። ወንጪ ብቻ ቀርታለች።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«የትንሿ ድምፅ ሲጠፋብኝ ጆሮዬ አርጅቶ መስሎኝ ነበር» አለ።

እስክሪብቶ ተቀበለኝና «መነሻ» በሚለው ቦታ ላይ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ። ከሥሩም «2007» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ ደብተሩን መለሰልኝ።

«መቲ ኮ፣ ልጄ፣ አራት ቤት ረስተሻል። ጻፊ።»

የአራቱንም ልጆች ስም፣ የተወለዱበትን ወር ሳይቀር ነገረኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። ጀሪካኑን ጥላ ሥር አስቀምጦ ክዳኑን አጠበቀው። «መጀመሪያ የሚደርቀው የኔ ኩሬ ነው። ሰኞ ሰዎችሽን ይዘሽ ነይ። አሁን ግን አራሷ ትጠብቀናለች» አለኝ።

በሞተሩ ኋላ ተቀምጬ አብሬው ሄድኩ። ስንገባ ድንቅቱ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ «ባጋ ነጋን ዱፍተን፣ ኦቦ ፈየራ!» ብላ ተቀበለችንና ዓይኗን እጁ ላይ ጣለች። አባቴ ባዶ እጁን ዘረጋላት። «ዛሬ ዓሣ የለም፣ ልጄ። እኔን ይቅር በዪኝ» አለና ሕፃኑን ታቅፎ ባረከው። ድንቅቱ ምን እንደበደላት ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ።

ስንወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። ወደ ሞተሩ ስንሄድ ከሐይቁ ዳር አንድ ቀጭን ድምፅ ተነሣ፤ ሌላው ተከተለው፤ ወዲያው ዳርቻው በሙሉ ጮኸ። አባቴ ባለበት ቆመ። ዝናቡ መጣል ጀመረ፤ ባርኔጣውን አላደረገም።

«ጆሮዬ ደህና ነው ለካ» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።